ሐኪም ፊት ሲደርሱ የሚድኑ ጣቶች

ይህን የምጽፈው ድኜ ስለ ጨረስኩ አይደለም። የግቢያችን የጤና ክበብ አባላት «ታማችሁ የምታውቁ ካላችሁ ለሌላው እንዲጠቅም ጻፉልን» ሲሉ እጄን ቶሎ አወጣሁ። እጅ ማውጣት ልማዴ ነው። መኝታ ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለ በሽታው ሐኪሞች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው የያዘኝ ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገረኝ፣ እየታመምኩ መጠበቅን ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መጠበቁ ነው። አንዳንዱ ነገር አሁንም ግራ ስለሚያጋባኝ፣ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ ከጻፍኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አዝመራ እባላለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከእብናት ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ምደባዬ ደብረ ታቦር መሆኑን ሲሰሙ አባየ «ቅርብ ነው፣ ተመስገን» አሉ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ እዚሁ ደብረ ታቦር ከጓደኛዋ ጋር ትንሽ ቁርስ ቤት ከፍታለች። እኔ እታለም ነው የምላት። እሷ ስላለችልኝ ብቸኝነትን አልፈራሁም። የፈራሁት ወድቄ መመለስን ብቻ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፣ ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ነቅቼ የውሃ ፕላስቲኬን ክዳን ላዞር ብሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጭዱ ያደሩ ይመስላሉ። መታጠፍም መዘርጋትም እምቢ አሉ። ከጎኔ የምትተኛው ሐያት፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ቀልድ አይጠፋትም። ስታገል አየችኝና ሳቀች።

«አንቺ፣ ክዳን አቃተሽ? የገበሬ ልጅ ነኝ ስትይ አልነበረም እንዴ?»

«ተኝቼበት ይሆናል» አልኳት።

«በሁለቱም እጅሽ ላይ?»

እኔም ሳቅሁ። ረፋዱ ላይ ጣቶቼ ተፈቱ። ከሰዓት በኋላ ልብሴን ሁሉ አጥቤ አሰጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ግን እንደዚያው ሆኑ። ቀስ በቀስ የእጄ አንጓዎች፣ ከዚያ ጉልበቶቼ፣ ከዚያ የእግሬ ጣቶች ሥር ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነው። ፀጉሬን የምታሲዝልኝ ሐያት ሆነች። ቁልፍ ያለው ልብስ መልበስ ተውኩ። የሚገርመው፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሕመሙ ረገብ ይልና ሰው መስዬ እውላለሁ። ሐያት «ጠዋት አሮጊት፣ ከሰዓት ልጃገረድ» የሚል ስም አወጣችልኝ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ነገር ግን የትኛዋ እውነተኛዋ እንደሆነች ለእኔም ግልጽ አልነበረም።

መጀመሪያ የሄድኩት ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ደሜን ወሰዱና ታይፎይድ ነው አሉኝ። የታይፎይድ መድኃኒት ሰጡኝ። ሆዴን አልታመምኩም፤ ትኩሳትም ብዙ አልነበረኝም። ቢሆንም «ይሆናል» ብዬ ጨርሼ ዋጥኩት። አልተሻለኝም። ቀጥሎ የግቢው ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ደግ ሴት ናት፤ ፊቴን አይታ «ቤት ናፍቆሽ ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ በዚህ ወቅት አንድ ነገር ያመዋል» አለችኝ። «አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። የምር ናፍቆኝም ነበር።

አሁን ሳስበው ሁሉም የነገረኝን እቀበል ነበር። ክሊኒኩ ታይፎይድ ሲለኝ አዎ። ነርሷ ናፍቆት ስትለኝ አዎ። ለእታለም ቁርስ ቤት እንጀራ የምታመጣው ሴትዮ «ምች መትቷታል» ስትል አዎ። ሰው አስቦልኝ የነገረኝን «አይደለም» ማለት ውለታ ቢስነት መሰለኝ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ በሽታ ነበረብኝ። አንድም አልነበረብኝም።

የአጋማሽ ፈተና መጣ። ፈተናዎቻችን የሚሰጡት ጠዋት ነው። የሒሳብ ፈተና ቀን መልሱን ሁሉ አውቀዋለሁ። እስክሪብቶውን ግን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ማቆም አልቻልኩም። በጡጫ ይዤ ልጽፍ ሞከርኩ፤ ልጅ የጻፈው መሰለ። ጣቶቼ መላቀቅ ሲጀምሩ ሰዓቱ አለቀ። ግማሹን ባዶ መለስኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ አማካሪ መምህራችን ጠሩኝና የመጨረሻው ፈተናም እንዲህ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲ እንደምሰናበት ነገሩኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነሽ እኮ።»

«ጠዋት ጠዋት እጄን ያመኛል፣ መምህር።»

እጆቼን አዩአቸው። ወቅቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እጆቼ እንደማንኛውም ሰው እጅ ነበሩ። መምህሩ ምንም ክፉ አልተናገሩም። «የሐኪም ወረቀት ካለሽ አምጪ» ብቻ አሉ። ስወጣ ግን በሩ አጠገብ የቆመች የክፍላችን ልጅ ለጓደኛዋ «ፈተና ሲደርስ የሚነሳ በሽታ እኔም ቢኖረኝ» ስትል ሰማኋት።

ያ ንግግር ውስጤ ገባ። ምናልባት እውነቷን ይሆን? ፈተና ስለምፈራ ይሆን እጄ የሚታሰረው? ከሰዓት የሚድን በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ሌሊት ስገላበጥ ጉልበቴ ይነቃል፤ ጉልበቴ ሲነቃ ይህ ሐሳብ አብሮ ይነቃል። እጄን ጨለማ ውስጥ እዳብሳለሁ። አብጧል። ወይስ የመሰለኝ ነው?

እታለም ለአባየ ደወለችላቸው። አባየ በሁለተኛው ቀን ከእብናት መጡ። ገና ሲያዩኝ ጉንጬን ይዘው «ከስተሻል» አሉ። ከዚያ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«ቁርጥማት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቁርጥማት የእኔ ቢጤ ሽማግሌ የሚይዘው ነው። አንቺን ምን በወጣሽ?»

«አባየ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች እታለም።

«መቼ አትሂድ አልኩ! ግን መጀመሪያ ወንዛዬ ፍልውሃ ትነከር። ካልተሻላት ደግሞ ቤት ትምጣ። ትምህርቱ የትም አይሄድም።»

ትምህርቱ እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከወጣሁ ተመልሼ እንደማልገባ ልቤ ይነግረኛል። የቀበሌያችን ልጆች «ትንሽ ላርፍ» ብለው የመጡ ሁሉ አሁን ባለትዳር ናቸው። ግን አባየን እንዴት እምቢ እላለሁ? «እሽ» አልኩ።

በሐሙሲት በኩል አድርገን ወንዛዬ ሄድን። ሴቶች የሚታጠቡበት ተራ ሲደርስ ገባሁ። ውሃው ትከሻዬ ድረስ ሲደርስ እንደ ሰው ያቀፈኝ መሰለኝ። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተዘረጉ። አጠገቤ ያሉ እናት ጉልበታቸውን እያሹ ያዩኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ልትሆኚ መጣሽ? ለፎቶ ነው?»

«አሞኝ ነው፣ እናቴ።»

«ምንሽን?»

«አንጓዬን ሁሉ።»

«ውይ! ዓይን ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ምን ይሆናል? ተማሪ ነሽ አይደል? በይ፣ ዓይን ነው።»

«ይሆናል፣ እናቴ» አልኩ። እንደ ልማዴ።

በዚያ ፍልውሃ ውስጥ ለሕመሜ ስም ያላወጣ ሰው አልነበረም። አንዷ ሪህ ትላለች፣ አንዷ ብርድ፣ አንዷ ዓይን። ሐኪም ቤት የወጣለት ብቸኛ ስም ታይፎይድ ነበር፤ እሱም አልሆነም። ከፍልውሃው ወጥቼ ጥቂት ቀን ደህና ሆንኩ። አባየ ደስ ብሏቸው ወደ እብናት ተመለሱ። ወዲያው ሕመሙ ተመለሰ፤ ይባስ ብሎ አንገቴም ተጨመረበት። ለአባየ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው እታለም ወደ ሆስፒታሉ የወሰደችኝ። ለታካሚዎች ልነግራቸው የምፈልገው ስሕተት የተፈጸመው እዚህ ነው፤ ይህን ስሕተት የምሠራው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሐኪሞቹም ነግረውኛል።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት እንደተገኘ አይቀረብም። ተጣጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ቀጥ ብሎ ነው። ለሐኪምማ ይብሳል። በቀጠሮዬ ዋዜማ እታለም ቤት አድሬ በጠዋት ተነሳሁና እሷ ባፈላችልኝ ውሃ እጆቼን እስኪላቀቁ ድረስ ነከርኩ። ደረጃ ላይ እንዳላነክስ ከፋርማሲ የገዛሁትን ማስታገሻ ዋጥኩ። እታለም ፀጉሬን ሠራችልኝ። ሆስፒታል ደርሰን ካርድ እስክናወጣ፣ ተራ እስኪደርሰን ቀኑ ተጋመሰ። እንዲያ ሆኜ፣ አምሬና ተፈትቼ፣ ዶክተሩ ፊት ቀረብኩ። ወጣት ናቸው፤ ድካም ይታይባቸዋል።

«እንዴት ነሽ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳቸው።

ሌላ ምን ይባላል? ሰላም ለጠየቀ ሰው «ታምሜያለሁ» ብሎ መመለስ ነውር ነው። ዶክተሩ ግን ሰላምታ መጠየቃቸው አልነበረም፤ ሕመሜን መጠየቃቸው ነበር። ጣቶቼን ጫን ጫን አደረጉ።

«ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«እዚህስ?»

«ብዙም አይደል።»

ራጅ አስነሱኝ። አጥንትሽ ጤነኛ ነው አሉኝ። ደስ እንዲለኝ ነው የነገሩኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ፤ ከበሩ ወጥቼ ግን ግድግዳ ይዤ ተራመድኩ። በሁለተኛው ቀጠሮም ይኸው ተደገመ። «እንዴት ሰነበትሽ?» «ይመስገን።» «ጥሩ፤ ተሽሎሻል ማለት ነው። አዲስ ነገር ካለ ተመለሽ።» ተሽሎኛል የተባልኩት ቁጭ ብዬ መነሳት ባቃተኝ ሳምንት ነው። እታለም ውጭ ስትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ተሽሎሻል አሉኝ።»

«ማን ነው የተሻለው? አንቺ ነሽ?» ብላ ጮኸች። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። እግራቸው በፋሻ የታሰረ፣ ከጋፋት በኩል የመጡ አንድ ሰውዬ «ተይ አንቺ፣ እኛን ተሽሏችኋል ቢሉን በእልልታ ነበር የምንወጣው» አሏት። ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት ፀሐይ ያለበትን ጥግ ለቀቀችልኝና «እዚህ ተቀመጭ፣ ይሞቅሻል» አለችኝ። ከቋጠሮዋ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። በእነዚያ ወራት ያጋጠመኝ ደግነት ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ የፀሐይ ቦታ የሚለቅ ሰው፣ ዝም ብሎ ጫማዬን የሚያስርልኝ ሰው። ያኔ ግን ቆሎውን እያኘኩ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪሙም ደህና ነሽ ካሉ፣ እኔ ማን ነኝ ታምሜያለሁ የምል?

ለመጨረሻው ፈተና ጥቂት ሳምንታት ቀሩ። አባየ ደውለው «ልምጣና ልውሰድሽ?» አሉኝ። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ አባየ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው «እሽ» ያላልኳቸው። 

ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ስንሄድ እታለም «አብሬሽ እገባለሁ» አለች። አታስፈልጊኝም ብላትም ገባች። ዶክተሩ ያው ናቸው።

«እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደ…»

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እታለም። «ይቺ ልጅ ቤት ቢቃጠልባትም ይመስገን ነው የምትለው። እሷን አይስሟት።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ዶክተሩ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ሳቁ። «እናቴም እንደዚሁ ናት» አሉ። «ደም ግፊቷ ሰማይ ነክቶ፣ እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች። እኔው ራሴ ልጇ፣ ሐኪሙ!» ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «በይ፣ ጥያቄውን ልቀይረው። ዛሬ ጠዋት ምን ምን መሥራት አቃተሽ?»

ይህ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ የፈተና ጥያቄ ነው፤ መልስ አለው። «ቧንቧ መክፈት» አልኩ። «የጫማዬን ክር ማሰር። ፀጉሬን መያዝ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መጣል። ከአልጋ ስነሳ መሬቱን መርገጥ፤ ጠጠር የረገጥኩ ይመስለኛል። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መስገድ። እስክሪብቶ መያዝ።» እስክሪብቶ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ማቆም አቃተኝ። ባዶ ስለመለስኩት ፈተና፣ ስለ ልጅቷ ንግግር፣ ከሰዓት ስለሚድኑት ጣቶቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ዶክተሩ አላቋረጡኝም።

«እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?»

«በሙቅ ውሃ እነክራቸዋለሁ። ማስታገሻ እወስዳለሁ።»

«ለምን?»

«ደህና ሆኜ ልቀርብ ብዬ ነው።»

እታለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዶክተሩ «እኔም ጠዋት እንዴት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። «ነገ በጠዋት ነይ። ተራ አትጠብቂም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ክኒን የለም፣ ሙቅ ውሃ የለም። እንደተነሳሽ፣ እንደሆንሽው ሆነሽ ነይ።»

በማግሥቱ ከእታለም ቤት እንደዚያው ወጣሁ። ፀጉሬ አልተሠራም። ጫማ ማሰር ስላልቻልኩ በእታለም ነጠላ ጫማ ነው የሄድኩት። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር አንገቴ ድረስ ይሰማኛል። ሆስፒታሉ በር ላይ እታለም በብብቴ ገብታ ደግፋ አወረደችኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንዲህ ተዝረክርኬ ትልቅ ሰው ፊት ቀርቤ አላውቅም። ልመለስ ብዬ አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ዶክተሩ እጆቼን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ። «ኧረ ተመልከቱ!» ብለው የሚያሠለጥኗቸውን ተማሪዎች ጠሩ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ከበቡኝ። በየተራ የጣቶቼን አንጓ ዳሰሱ። «አብጧል» ይላሉ። «ይህኛውም። በሁለቱም እጅ፣ እኩል።» ማበጤን በሰው አንደበት ስሰማ ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ይከብደኛል። አመመኝም፣ ፈራሁም፤ ግን ከሁሉ በላይ ደስ አለኝ። በማበጤ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል? እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ዶክተሩ አስቀምጠው አስረዱኝ። ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚጠብቅበት ኃይል አለው፤ አንዳንዴ ይህ ኃይል ይሳሳትና የራሱን አንጓ፣ መገጣጠሚያውን ማለት ነው፣ እንደ ጠላት ይወጋል፤ አንጓው ያብጣል፣ ይቆጣል፤ ይህም የአንጓ ብግነት ይባላል። ጠዋት ጠዋት መተሳሰሩ አንዱ ምልክቱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

«ታዲያ እሱ ነው የያዘኝ?» አልኳቸው።

«እጠረጥራለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። የደም ምርመራው እዚህ አይሠራም፣ ይላካል። ሌሎችም የሚመስሉት በሽታዎች አሉ። መልሱ እስኪመጣ ብግነቱን የሚያበርድ ነገር እሰጥሻለሁ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሳምንታት ይፈጃል።»

ፈተናው ከዚያ በፊት ነው። የበሽታው ስም ሳይታወቅ ወረቀት እንደማይሰጠኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ቢሆንም ድፍረት አግኝቼ ጠየቅሁ። «ዶክተር፣ ምን እንደሆነ ካልታወቀ… ለትምህርት ቤት መጻፍ አይቻልም አይደል?»

«ለምን አይቻልም? ጠዋት ጣቶችሽ አብጠው እንደማይታጠፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ለመጻፍ የበሽታው ስም አያስፈልገኝም።»

ወረቀቱን ይዤ አማካሪ መምህራችን ጋ ሄድኩ። አንብበው ለትምህርት ክፍሉ አቀረቡልኝ። ፈተናዎቼን ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ከአንድ መምህር ጋር ሆኜ እንድፈተን ተፈቀደልኝ። የእኔ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ቀድመው ከተፈተኑት ጋር እንዳልነጋገር ከአንድ ሠራተኛ ጋር አስቀመጡኝ። ሐያት በመስኮት በኩል ስታልፍ እጇን እንደ እስረኛ አጣምራ ታስቀኝ ነበር።

እነዚያ የመጠበቂያ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚሁ ነውና። ጀግና አልነበርኩም። አንድ ቀን በሽታው ቀላል እንዲሆን እጸልያለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ «ምንም የለብሽም» እንዳይሉኝ እጸልያለሁ። የትኛውን ጸሎት እግዚአብሔር እንደሚሰማ ግራ ገባኝ። ክኒኑ ጠዋቴን ትንሽ አሳጠረልኝ። ሐያት ጠዋት ጠዋት «ዛሬ የስንት ዓመት አሮጊት ነሽ?» ትለኛለች፤ እኔም «የስድሳ» ወይም «የሰማንያ» እላለሁ፤ በዚያ ቁጥር መሠረት ታግዘኛለች። ጨዋታ ይመስላል። ለእኔ ግን ምን ያህል እንደሚያመኝ ሳላፍር መናገር የተማርኩበት ነው። የሚያጽናናኝ ሰው ሳይሆን የሚጠይቀኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ። ለምትጠብቁ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው በየቀኑ እውነቱን ይጠይቃችሁ፤ ሐኪም ዘንድም ስትሄዱ አታምሩ። ማስታገሻ ወስዳችሁ ከሆነም ሳትደብቁ ንገሩት።

ፈተናውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ጽፌ እጄን አሳርፋለሁ፤ እንደገና እጽፋለሁ። ባዶ የተውኩት ጥያቄ የለም። ውጤቱ ሲለጠፍ ከክፍሉ የላቅሁ አልሆንኩም፤ ግን አልፌያለሁ።

የደሙ መልስ ከዚያ በኋላ መጣ። ዶክተሩ የጠረጠሩት ነበር። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ጀመርኩ፤ ሲጀመር ያቅለሸልሻል፣ ቶሎም አይሠራም። በየጊዜው ደሜ ይመረመራል። ወጪው ለእታለም ከባድ ነው፤ አንድ ቀንም አላሰማችኝም። ዛሬ ብዙ ጠዋቶች ቧንቧ እከፍታለሁ። የማልከፍትባቸውም አሉ። ለምን ዛሬ ሆነና ትናንት እንዳልሆነ አላውቅም። ስም ካገኘሁ ግራ መጋባቴ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አላበቃም።

መልሱ በመጣ ቀን ለአባየ ደወልኩ።

«አባየ፣ ስሙ ታወቀ። የአንጓ ብግነት ይባላል።»

«እንዴት ያለ ስም ነው! ይድናል?»

«ፈጽሞ አይጠፋም ይላሉ። መድኃኒቱን ካላቋረጥኩ ግን ይበርዳል።»

ዝም አሉ። ከወዲያ ሰው በሬ ሲጠራ ይሰማኛል። ይህ ዝምታ «እንግዲያው ነይ» የሚል እንደሆነ ገመትኩ፤ ምን ብዬ እንደምመልስ አላዘጋጀሁም ነበር።

«ፈተናውንስ?» አሉ።

«አለፍኩ፣ አባየ።»

 ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ነገ እዚያ የሚመጣ መኪና አለ። ጋቢዬን እሰድልሻለሁ፤ ክፍል ስትቀመጪ ጉልበትሽ ላይ ጣይው» አሉኝ።

«አንቱስ ምን ይለብሳሉ?»

«እኔን ተይኝ። እኔ ጠዋት ከሞፈር ጋር ነኝ፤ ይሞቀኛል። ተቀምጦ የሚማር ነው የሚበርደው።»

ስልኩን ዘጉት። ነይ አላሉኝም።